ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዝም ያልኩት

ውድ ዝላቲና፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጀምርም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በረንዳሽ ላይ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበርና እንዴት እንዳለሽ አውቃለሁ። አንቺ ግን መምጣቴን ዛሬ ላታስታውሺው ትችያለሽ።

ትናንት እጄን ይዘሽ፣ «ራድካ፣ በመጠጤ ምክንያት ፋብሪካው ውስጥ አሳፍሬሻለሁ። ይቅር በይኝ» አልሽኝ። እኔም እጅሽን መታ መታ አድርጌ «አለፈ እኮ፣ ተይው» አልኩሽና ተነስቼ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ መቀመጡን ለምጄዋለሁ፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ በዚህ ከተማ ያልተቀመጥኩበት ደረጃ የለም። ትናንት ግን ቁጭ ያደረገኝ ድካም ብቻ አልነበረም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሸሚዝ ሰፍተናል፤ አንቺ ኮሌታ፣ እኔ እጅጌ። የፋብሪካው ሰው በውፍረታችን «ሁለቱ ምድጃዎች» ይለን ነበር፤ በክረምት እኛ መሐል የተቀመጠ አይበርደውም እያለ። እኛም አብረን እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ትንፋሽሽ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ልጄን ሳልድር መሞቴ ነው» አልሽኝ። ጨጓራ የሚያሳንሰውን ሐኪም ሶፊያ ከተማ ድረስ ሄደሽ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። እኔ እየፈራሁ ተከተልኩሽ። በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አንድ ክፍል ተኝተን ሁለታችንም ቀዶ ሕክምናው ተደረገልን። ስንወጣ ነርሷ ለየራሳችን አንድ አንድ ወረቀት ሰጠችን፤ በቀን ስንት ማንኪያ ሾርባ፣ የትኛው ቫይታሚን በስንት ሰዓት። ከታች በቀይ «ከሁለት ቀን በላይ ካስመለሳችሁ ደውሉ» ይላል። ያ ወረቀት ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፎ ነበር። አላወቅኩም ማለት አልችልም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ታስታውሻቸው እንደሆነ እንጃ። ፀጉራችን ማበጠሪያው ላይ እየቀረ፣ በሚያዝያ ፀሐይ ሹራብ ደርበን እንንቀጠቀጥ ነበር። ራሴን ልታጠብ እጄን ባነሳ ክንዴ ዝሎ ሳሙናው እንዳለ እወጣ ነበር። አንድ ማንኪያ እርጎ እንደ ድንጋይ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ልብሳችን በየሳምንቱ ይሰፋናል፤ ፊታችን ደግሞ በየሳምንቱ ያረጃል። እኔ ይህን ሁሉ ችዬ የቀነስኩት ሃያ ሦስት ኪሎ ነበር። አንቺ አርባ አንድ።

ሸሚዝ በካውያ የምትተኩሰው ስቶይና «ዝላቲና፣ ግማሽሽን የት ጥለሽ መጣሽ?» ስትልሽ፣ «ለጎረቤት አውሼው ነው» አልሻትና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ ራድካ? ሐኪሙ አንቺ ጋ ሲደርስ ቢላው ደነዘበት እንዴ?» አለች። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

በግንቦት መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስታስመልሺ ሰማሁሽ። በሩን ስትከፍቺ ፊትሽ እንደ ሰም ነበር።

«ስንት ቀንሽ ነው?» አልኩሽ።

«ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ውሃ እንኳ አይረጋልኝም።»

«ለሐኪሙ እንደውል።»

«ተይ፣ ከደወልን ያስተኙኛል፣ በቱቦ ያበሉኛል። ሠርጉ ደርሷል። ለባሌ ለሜቶዲም እንዳትነግሪ። በልጄ ይዤሻለሁ።»

እሺ አልኩሽ። ዝላቲና፣ ቃሌን የጠበቅኩት ላንቺ ብዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ መጻፍ አይከብደኝም ነበር። ቀንቼብሽ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው ቅጥነት ከየት እንደመጣ ሳውቅ፣ ካዘንኩት ይልቅ የተጽናናሁት ይበልጣል። ትንሽ ብትታመም ምን አለበት ብዬ አስቤያለሁ። እንዲህ ብዬ ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ እናትሽ ስትሞት ሦስት ቀን ካጠገብሽ ያልተለየሁት ያችው ራድካ።

ከዚያ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተሽ። «ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል» እያልሽ ሳቅሽ። ዓይኖችሽ ወዲያና ወዲህ ይርገበገቡ ነበር። ግድግዳ ይዘሽ መሄድ ጀመርሽ። የነገርሽኝን ከምሳ በኋላ መልሰሽ ትነግሪኛለሽ። አንድ ጠዋት የተቆረጠ ጨርቅ ከተከመረበት ጋሪ ጋር ተያይዘሽ ወደቅሽ። የክፍሉ ኃላፊ ጌንቾ መጥቶ ከላይ ሆኖ አየሽና፣ ሁሉም እየሰማ እኔን ጠየቀኝ፤ «ጓደኛሽ ትጠጣለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ።

በዚያው ቀን ከሥራ ተባረርሽና ዕቃሽን በፌስታል ይዘሽ ወጣሽ። አንድም ሴት ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ አላየችሽም። እኔም አላየሁሽም።

ሠርጉ ላይ ደግሞ ከጭፈራው ስትመለሺ ጠረጴዛው ጥግ ወደቅሽ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሜቶዲ አንስቶ ወንበር ላይ ካስቀመጠሽ በኋላ ጆሮዬ ሥር «ስንት ጠጥታ ነው?» አለኝ። «ዛሬ እንኳ ተዋት፣ ደስ ብሏት ነው» አልኩት። ይህን ስል አንቺን የሸፈንኩልሽ መስሎኝ ነበር። የሸፈንኩት ግን ራሴን ነው።

ከሠርጉ በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ገባሽ። የዳርሻትን ልጅሽን ራሊትሳን አላወቅሻትም። ሐኪሟ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ታስመልስ ነበር ወይ ብላ ስትጠይቅ ሜቶዲ የለም አለ፤ አያውቅማ። መጠጥስ ስትለው አንገቱን ደፋ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም እሰማለሁ። የተናገርኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ለሐኪሟ ብቻ፣ ማንም በሌለበት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «በማስመለሱ ብዛት ሰውነቷ ቫይታሚን አልቆበት ነው አንጎሏ የተጎዳው» አለችኝ። «ይህን ከወር በፊት ብትናገሪ ኖሮ፣ በጥቂት መርፌ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።»

ሐኪሟ ለሜቶዲም አስረዳችው። ግን «ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ጠጪዎችን ነው የሚይዘው» ስትል ልቡ እዚያች ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያለችውን አልሰማም። ከተማውም አልሰማም። በመጨረሻ አንቺም፣ የጎደለሽን ቀን ሌሎች በነገሩሽ እየሞላሽ፣ ጠጪ ነበርኩ ብለሽ አመንሽ። ትናንት ይቅርታ የጠየቅሽኝ ያንን አምነሽ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጋራዡ ድረስ ሄጄ ለሜቶዲ ሁሉንም ነገርኩት። ጎማ እየፈታ ነበር፤ እስክጨርስ ቀና አላለም።

«ቤቱን በርብሬዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቁም ሳጥኑን፣ ምድር ቤቱን፣ የእናቷን ሳጥን ሳይቀር። አንድ ጠርሙስ አላገኘሁም። እንዴት አድርጋ ብትደብቀው ነው እያልኩ፣ ማታ ማታ ስሰድባት ከረምኩ።»

የፈታውን ጎማ መሬት ላይ ጣለው።

«አንቺ ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጪ።»

«እሺ።»

ልሄድ ስል ጠራኝ። «ጻፊላት» አለኝ። «በቃል ብነግራት ነገ ትረሳዋለች። ያየሽውን በሙሉ ጻፊው። በየጠዋቱ አነብላታለሁ።»

ከዚያ ፋብሪካ ሄድኩ። ሴቶቹ በሙሉ ባሉበት ለጌንቾ ነገርኩት። ስቶይና ካውያዋን ነቅላ ወጣች። ከእነሱ ያናገረኝ የለም፤ እንዲያናግሩኝም አልሄድኩም። ደጃፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። አሁን ሠላሳ አራት ኪሎ ቀንሻለሁ። ቅጥነቴን የሚያደንቅልኝ ሰው ሲገጥመኝ መንገድ እቀይራለሁ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅር ብትዪኝ በማግስቱ ትረሺዋለሽ፣ እኔ ደግሞ እንደ ገንዘቤ እይዘዋለሁ፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። በየወሩ እጽፍልሻለሁ፤ ካንቺ ጋር የኖርኩትን አንድ በአንድ፣ ክፉውንም ሳልዘል።

ትናንት ስለ ሠርጉ ጠይቀሽኝ በወሬ አሳልፌው ነበር። እንዲህ ነበር። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰሻል፤ ሁለት ጊዜ አጥብበሽዋል፣ ሦስተኛውን እኔ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩልሽ። ራሊትሳ ጭፈራውን ስትጀምር መጀመሪያ የጠራችው አንቺን ነው። «እማዬ፣ ያዢኝ፣ እግሬ ከዳኝ» አለችሽ። አንቺ ራስሽ መቆም ሳትችዪ ያዝሻት፤ አዳራሹን ዙሪያውን ዞራችሁ ጨረሳችሁ። ላብሽ በጀርባሽ እየወረደ ትስቂ ነበር። በሌላው እጅሽ ብርጭቆ ይዘሻል፤ ሰው ሁሉ ያየው ብርጭቆ። ውሃ ነበር፣ ዝላቲና። የቀዳሁልሽ እኔ ነኝ።

ራድካ