ጓንት ደም የለውም

ጥቅምት 4
ዋሹብኝ። ከፎቅ የወደቀው ግንበኛ የሞተው እኔ የጠገንኩት የመተንፈሻ መሣሪያ ተበላሽቶ ነው ብለው ጻፉ። ዶክተሩ ፈረመበት። ሆስፒታሉ ጥገና ክፍል ከገባሁ ሠላሳ አንድ ዓመቴ... እንዲህ ያለ ወረቀት ደርሶኝ አያውቅም።

ጥቅምት 5
መሣሪያውን እንደ ልማዴ ቱቦው ጫፍ ላይ የጎማ ጓንት አስሬ ፈተንኩት። ጓንቱ ተነፋ፣ ረገበ። ግማሽ ቀን ሙሉ አንዴም አልሳተም። ታዲያ ሰውየውን ምን ገደለው?

ጥቅምት 7
መዝገቡን አየሁ። የአየሩን ግፊት ከተለመደው አምስት አሥራ አምስት ላይ አድርሰውታል። የደም ግፊቱ ወረደ። አየር ጨመሩ። ባሰበት።
የመሣሪያውን መመሪያ መጽሐፍ ሦስቴ አነበብኩ። አየር ደረትን ሲወጥር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያፍናል። ጤነኛ ይችለዋል። ደሙ የፈሰሰ ሰው ግን...
ሠላሳ አንድ ዓመት በጓንት ስፈትን ይህን አላሰብኩም። ጓንት ደም የለውም። ጥፋቴ ይኸው ብቻ ነው።

ጥቅምት 8
ለዶክተሩ ነገርኩት። "አባባ፣ እርስዎ ብሎንዎን ይፍቱ።" አብረውት የነበሩት ሳቁ።
"ፈትቼ ነው የመጣሁት" አልኩት።
ልጄ እራት ላይ፦ "አባዬ፣ ጡረታህ አራት ወር ቀረው። ተወው በቃ።"
"በውሸት ተሰናብቼ?"
ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ጥቅምት 15
መኪና የገጫት ሴት መጣች። ሆዷ ውስጥ ይደማል። ያሰሩላት አዲሱን መሣሪያ ነው፣ እጄ ነክቶት አያውቅም። የደም ግፊቷ ሰባ... ስድሳ... በሩ ላይ ነበርኩ።
"አየሩን ቀንሱላት! አምስት አድርጉት!"
"ይህን ሽማግሌ አውጡልኝ!" አለ ዶክተሩ።
ጥበቃው ክንዴን ያዘ። ነርሷ እኔን አየች፣ እሱን አየች... ቀነሰችው። ሰባ። ሰማንያ አምስት። ጥበቃው ክንዴን እንደያዘ ቀረ። ማንም አልሳቀም።

ጥቅምት 19
ዶክተሩ ጥገና ክፍል መጣ። "አባባ፣ ወረቀቱን አሰርዣለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"
"ለግንበኛው ሚስት ነገርሃት?"
"ገና አልነገርኳትም።"
"መጀመሪያ እሷ ዘንድ ሂድ።"

ጥቅምት 24
ሄዷል። ነርሷ ነገረችኝ፣ እሱ አልነገረኝም። መኪና የገጫት ሴት ዛሬ በራሷ ተነፈሰች።
አሁን ጓንቱን ብቻውን አላስርም። ጠባብ ሣጥን ውስጥ አጠገቡ ውሃ የሚያልፍበት ስስ ቱቦ አለ። አየሩ ሲበዛ ጓንቱ ቱቦውን ይጫነዋል፣ ውሃው ይቀጥናል። ሣጥኑን ሆስፒታሉ መግቢያ ላይ አስቀመጥኩት።
ልጄ፦ "እስቲ ንገረኝ፣ ዶክተሩ ምን አለህ?"
ሣጥኑን ሄዳ ትየው። ሌላውም ይየው። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር ለማንም አልናገርም። ለእሷም። ለዚህ ደብተርም።