የስኳር መድኃኒት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2015፣ ነገሌ

የወር አበባዬ ከቀረ አምስት ወሩ። ዛሬ ሐኪሟ ምክንያቱን ነገረችኝ። ሰውነቴ ኢንሱሊንን እሺ አይለውም፤ ቆሽቴ ደግሞ እልህ እንደያዘው ሁሉ አብዝቶ ያመርታል። የተትረፈረፈው ኢንሱሊን እንቁላል የሚያፈራው እንቁልጢዬ የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ይገፋፋዋል፤ እንቁላሉም ሳይበስል ይቀራል። አገጬ ላይ የምነቅለው ፀጉርም የዚሁ ውጤት ነው። የስኳር በሽታ የለብኝም፤ የታዘዘልኝ ክኒን ግን ስኳር ያለባቸው የሚውጡት ነው።

አማቴ አዴ ጫልቱ ክኒኑን ጠረጴዛ ላይ አይተው አወቁት፤ ወንድማቸው ይወስደዋል። "ስኳር ነው እንዴ ልጄ?" አሉኝ። አይደለም ልል ነበር። ግን ልጅ መቼ ነው ከሚለው የሦስት ዓመት ጥያቄያቸው ይሄኛው ቀለለኝና ተውኩት።

ወጥተው የግመል ወተት ይዘው ተመለሱ፤ እዚህ አገር ለስኳር ፍቱን ነው ይባላል። አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ "ለካ ልጁንም የከለከለሽ ይኸው ስኳር ነው። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን አስጨቀጨቀኝ?" አሉ።

በስህተት ጀምረው እውነቱ ደጃፍ ደረሱ። ላርማቸው አልቻልኩም። ወተቱን ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ጭስ ጭስ ይላል። ባለቤቴ ነገ ከሜጋ ሲመለስ ከእናቱ ይሰማል። እኔ የትኛውን እንደምነግረው ገና አላውቅም።