የየሺ አስተር

ኅዳር 12፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ ከሚካኤል ስመለስ ግቢው በጭስ ታፍኖ ደረስኩ። ኅዳር ሲታጠን ነውና፣ እህቴ ዘነቡ ጓሮውን ስትጠርግና ጥራጊውን ስታቃጥል አርፍዳለች። የባለቤቴ የየሺ የአስተር አበባ መደብ ባዶውን ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ውርጭ የጨረሰውን ሁሉ ከነሥሩ ነቅዬ አጸዳሁልህ» አለችኝ ላቧን እየጠረገች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? የሺ ካረፈች ወዲህ፣ ከመዘዞ እየተመላለሰች ያልተለየችኝ እሷ ናት።

የሺ አስተር የመረጠችው ውርጭ ጽጌረዳዋን እየገደለ ቢያስመርራት ነው። ያውም ሐምራዊውን። «ይሄ የሚደርቀው ላዩ ነው፤ ሥሩ ተኝቶ ይከርምና እንደገና ያቆጠቁጣል። ደረቀ ብለህ እንዳትነቅለው!» ትለኝ ነበር፣ በየዓመቱ፣ እንደ አዲስ። እኔም ሰልችቶኝ «ሰማሁ እኮ!» እላታለሁ። ለዘነቡ መንገር ግን ትዝም አላለኝ።

አመዱን በእንጨት ጫር ጫር አደረግሁት። የተረፈ ሥር የለም።

አሁን የቀረው፣ ክረምት ላይ ከመደቡ ከነሥሩ ከፍዬ ሚካኤል መቃብሯ ላይ የተከልኩት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ። እሱም አገዳው ደርቆ ቆሟል። ሰው ‹ሚስቱን ረሳት› ይለኛል ብዬ አፍሬ ነበር የተመለስኩት።

ነገ በማለዳ ሄጄ ቀይ ክር አስርበታለሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሚያጸዳ ሰው እንዳይነቅለው። ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ «አልሞተም» እላለሁ። መቃብር ላይ ቆሞ እንዲህ የሚል ሰው ግን ማን ያምነዋል…