ታኑኪ ስላልሆነው ታኑኪ

ለተከበሩ የወረዳችን አስተዳዳሪ
ኦሳካ

ክቡር ሆይ፣

ብዕሩን የያዘችው እጅ የእኔ አይደለችም። እጅዋ የጎረቤቴ የፀጉር አስተካካይዋ የሂሳኖ ናት፤ አፉ ግን የእኔ የቶኩጂ ኡሜሞቶ ነው። እኩዮቼ ፊደል ሲቆጥሩ እኔ የከሰል ከረጢት እሸከም ስለነበር፣ የጽሕፈቱ ማማር ለእሷ፣ የነገሩ መምረር ለእኔ እንዲቆጠር በትሕትና አስታውቃለሁ።

ጃንጥላ እንኳ በሚሻግትበት በዚህ የሰኔ ዝናብ፣ ክቡርነትዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ስለ ሆዳችን የሚያስቡልን የጎብኚዎች ጉዳይ ሠራተኞችዎ ሁሉ በጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በካሜይ የገበያ መንገድ ሰው ቆሞ የሚበላባት አንዲት ጠባብ የኑድል ቤት አለችኝ፤ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ እሱ ግን የእናንተ ጥፋት ስላልሆነ አልዘረዝረውም።

ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ አይደለም። አንዱ ቅጂ በገበያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከእናንተው ቆንጆ ወረቀት ጎን ይለጠፋል። ጉዳዩ ስለዚያው ወረቀት ስለሆነ ጎረቤት ቢሆኑ መልካም ነው ብዬ ነው።

«ኦሳካ በሁለት ቀን፦ በእግር፣ በዓይን፣ በሆድ» የሚለውን ወረቀታችሁን ሂሳኖ ፀጉሬን እየቆረጠች ከዳር እስከ ዳር አንብባልኛለች። እንግዳው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግንቡን ያያል፣ ቀትር ላይ እኛ ዘንድ ይበላል፣ ከዚያ ጀልባ ይሳፈራል፣ ሲመሽ ማማ ላይ ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት ዓሣ በመስታወት ውስጥ ሲዋኝ ያይና ቀትር ላይ ዓሣ ይበላል፤ ዓሣዎቹ ተማክረውበት እንደሆነ አላውቅም። ሰማንያ አንድ ዓመት የኖርኩባት ከተማ በሁለት ቀን እንደምታልቅ ስላሳወቃችሁኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቀሪውን ጊዜ ምን ስሠራበት እንደኖርኩ እንጃ።

እንግዲህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ብለው እንዲቀበሉኝ እየለመንኩ፣ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ለመንገዳችን በሙሉ ሃያ አምስት ደቂቃ መድባችሁልናል። ከአሁን በፊት ማንም መድቦልን ስለማያውቅ ተደስተናል። ይሁን እንጂ እንግዶቻችን አንድ እጃቸው ላይ ሳህን፣ ሌላው እጃቸው ላይ ሰዓት ይዘው ስለሚበሉ፣ መረቁን በምን እንደሚይዙት አልተጻፈላቸውም። አብዛኛውን ሸሚዛቸው ነው የሚጠጣው።

ሁለተኛ። ፎቶዬን አውጥታችሁ ከሥሩ «ቁጡ ግን ደግ አዛውንት» ብላችሁ ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ። ደግ መሆኔን አላውቅም ነበር። ችግሩ ሰው ቁጣውን እንደ ምግቡ ዝርዝር አካል አድርጎ መምጣቱ ነው። ባለፈው ከናጎያ የመጡ ሁለት ልጃገረዶች በልተው ጨርሰው አንወጣም አሉ።

«አባባ፣ ዛሬ አይቆጡም እንዴ?»

«ምን አጠፋችሁና?»

«ምንም! ግን ትንሽ ይቆጡን፤ ልንቀርጽዎት ነው።»

«ውጡ ከዚህ!» ስላቸው አጨብጭበው፣ አመስግነውኝ ወጡ። እስቲ ይንገሩኝ ክቡር ሆይ፣ እንዲህ የሚያመሰግነኝን ሰው ከልቤ መቆጣት ስፈልግ ምን ላድርግ?

ሦስተኛ። ይህችኛዋ ናት ያስጻፈችኝ። ሂሳኖ «እንግዲያ ለምን ከእሷ አልጀመሩም?» ትለኛለች። ለሹም ሲጻፍ ሳቅ ይቀድማል፤ ጻፊ።

እኛ ከተማ ነጩና ወፍራሙ ኑድል፣ ኡዶኑ፣ ላዩ ላይ ጣፋጭ የተጠበሰ ቶፉ፣ ያ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሲደረግበት «ቀበሮ» እንደሚባል ማንም የኦሳካ ሕፃን ያውቃል። ያው ቶፉ ቡናማውና ቀጭኑ ኑድል፣ ሶባው፣ ላይ ሲተኛ ደግሞ «ታኑኪ» ይባላል። ቀበሮና ታኑኪ ሁለቱም መልካቸውን እየለወጡ ሰው የሚያታልሉ የጫካ እንስሳት ስለሆኑ፣ ኑድሉ ሲለወጥ ስሙም ተለወጠ፤ ይኸው ነው ጥበቡ። በቶኪዮ ግን ታኑኪ የሚሉት የጥብስ ፍርፋሪ የተነሰነሰበትን ነው። ይበሉ፤ አገራቸው ነው። እኛ ዘንድ ፍርፋሪው ባንኮኒው ላይ በነጻ ተቀምጧል፤ የፈለገ በማንኪያ ይዝቃል። በነጻ ለሚዘገን ነገር ስም አይወጣለትም። እናንተ ግን ስሙንም ዋጋውንም አውጥታችሁ፣ በእኔ ፎቶ ሥር «ታኑኪ ኡዶን፣ ሳይበሉ እንዳይመለሱ» ብላችሁ አትማችኋል። ወረቀቱን የጻፈላችሁ ሰው ኦሳካን የጎበኛት ከቶኪዮ ሳይነሳ መሆን አለበት።

በሚያዝያ አንድ ሰውዬ ከነሚስቱ ገባና «አባባ፣ ሁለት ታኑኪ ኡዶን» አለኝ።

«ታኑኪ ነው ወይስ ኡዶን?»

«ታኑኪ ኡዶን።»

«አንዱን ምረጥ፣ የኔ ጌታ።»

«አንድ ነው እኮ!»

«እዚህ ሁለት ነው።»

ወረቀታችሁን አውጥቶ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው። «ይኸው ተጽፏል! ማንበብ አይችሉም?»

«አልችልም» አልኩት። «አንተ ደግሞ ማዘዝ አትችልም። እኩል ነን።»

ሚስቱ እጅጌውን ጎተተችው። «ተው አንተ፣ ጀልባው ያመልጠናል፤ የሰጡህን ብላ።» በላ። መረቁንም ጨለጠው። ሲወጣ ግን «አጭበርባሪ» ብሎኝ ወጣ፤ ከእሱ በኋላም ብዙዎች እንዲሁ አሉኝ።

በሂሳኖ እጅ አቤት ብል፣ አቶ ኩራሞቺ የሚባል ሠራተኛችሁን ላካችሁልኝ። ጫማው የሚያበራ፣ መታወቂያው አንገቱ ላይ የሚወዛወዝ፣ በጣም ትሑት ወጣት ነው። ሦስት ጊዜ ጎንበስ አለና እንዲህ አለኝ፦ «አቶ ኡሜሞቶ፣ ወረቀቱ አንዴ ታትሟል። ሳህኑ ደግሞ በየቀኑ አዲስ ነው። ስለዚህ ሳህኑን ቢያስተካክሉት ይቀላል።»

«ልጄ፣ ከሁለታችን አብሳዩ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ።»

«ታዲያ ማማሰያውን ምን አስያዘህ?»

አሁንም ጎንበስ አለ። አንድ እሽግ ተጨማሪ ወረቀት ትቶልኝ ሄደ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ለመጥቀስ አስቤ ነበር፤ ስለ ክብርዎ ስል ትቼዋለሁ።

የልጄ ሚስት ቺዙሩ፣ ባንኮኒው ላይ የምታስተናግደው እሷ ናት፣ ጭቅጭቁ ሲሰለቻት «አባባ፣ ለሰላም ብለን ያሉትን እንሥራላቸው። ታኑኪ ላለ ሁሉ ኡዶን በፍርፋሪ እንስጠውና ይገላግሉን» አለችኝ። ለሰላም ሲባል ምን የማይደረግ አለ? እሺ አልኳት። የእኛ ሰዎች መጥተው «ዛሬ ምን ነካችሁ?» ቢሉ ይነገራቸዋል ብለን ነበር። መናገር የማይችል አንድ ሰው እንዳለን አላሰብንም።

ኦጋታ ሹንፔይ ይባላል። ይህችን ከተማ በከተማ ባቡር እየነዳ ሲያመላልሳት የኖረ የማዘጋጃ ቤታችሁ ጡረተኛ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ደም ራሱ ውስጥ ፈሶ ከሞት ሲተርፍ፣ ቃላቱ ሁሉ ሄደው ሦስት ብቻ ቀሩለት። አንዱ «አዎ» ነው። አንዱ የሚስቱ ስም፣ «ታኔ» ነው። ሦስተኛው «ታኑኪ» ነው። ሐኪሙ ሦስተኛውን ሲሰማ ሳቀ አሉ፤ እኔ ስሰማ አልሳቅኩም። በየቀኑ ከቀትር በፊት መጥቶ ባንኮኒውን በመዳፉ መታ ያደርግና «ታኑኪ» ይላል። ያቺን ቃል ለመናገር ነው ከቤቱ የሚወጣው፤ መብላቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ቺዙሩ እንዳለችው መሥራት የጀመርን ዕለት ቤቱ በእናንተ እንግዶች ጢም ብሏል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ድስቱ ላይ ነኝ። ቺዙሩ በወከባው መሀል ቃሉን ብቻ ሰማችና ኡዶኑን በፍርፋሪ አቀረበችለት። አየውና ቀና አለ።

«ታኑኪ» አለ።

«አዎ፣ ጋሼ፣ ታኑኪ ነው።»

«ታኑኪ!»

«እሱ ነው እኮ፣ ይብሉ።»

አጠገቡ የቆመ አንድ ጎረምሳ «ኦሳካዎች ሲያዝዙም ይጮኻሉ!» ብሎ ሳቀ። ኦጋታ የመብያ እንጨቱን አስተካክሎ አስቀመጠ፣ ከፈለ፣ ወጣ። እኔ ዞር ስል ያልተነካ ሳህን ነው ያየሁት። ቺዙሩ ነገሩ ሲገባት በዝናብ ውስጥ ተከትላው ሮጠች፤ አልደረሰችበትም።

ከዚያን ዕለት ወዲህ አልመጣም። ሚስቱ ታኔ እንደነገረችኝ፣ ያቺን ቃል ጭራሽ ተዋት። ሳህኑን ሲያይ ስህተቱ የኑድሉ አልመሰለውም። አፉ ውስጥ ያለችው ቃል የተበላሸች መሰለው፤ እሱ ታኑኪ ያለ እየመሰለው ሌላ ነገር የተናገረ፣ ሕመሙም የቀረውን ሊወስድ ተመልሶ የመጣ መሰለው። እኔ ራሴ የእኛኑ ታኑኪ፣ ሶባውን በጣፋጭ ቶፉ፣ በክዳን ሳህን ይዤለት ሄድኩ። በላ። ግን ሳህኑን በጣቱ ጠቆመ እንጂ ቃል አልወጣውም። «በልማ፣ ቃሏን ተናገራት!» ስለው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ክቡር ሆይ፣ ለሳቅ የጀመርኩትን ደብዳቤ እዚህ ላይ በማበላሸቴ ይቅርታ።

አራተኛ ስለ ሽንት ቤት ነበር። ሂሳኖ «ለክብራቸው አይመጥንም» ብላ አስቀርታዋለች። እሷ ቤት ገብቶ ሽንት ቤት የሚጠይቅ እንግዳ ስለሌለ ነው።

እንግዲህ የምለምነው ቀላል ነው። ወረቀቱን አቃጥሉት አልልም፤ ሃያ አምስት ደቂቃችንንም ውሰዱብን አልልም። ስህተቷ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉባት። ሁለተኛው ልመናዬ ግን ይበልጥብኛል። ለኦጋታ ሹንፔይ በስሙ፣ በወረዳው ማኅተም፣ «ታኑኪ ብለው ያዘዙት ትክክል ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን» ብላችሁ ጻፉለት። እኔ ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አያምነኝም፤ ጓደኛው ስለሆንኩ ላጽናናው የምዋሽ ይመስለዋል። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ምልክት ካላየ ባቡር ያላንቀሳቀሰ ሰው ነው። ማኅተም ያምናል። እናንተ ደግሞ ማኅተም አይቸግራችሁም።

እስከዚያው ድረስ ቺዙሩና እኔ ተስማምተናል፦ ቤታችን ታኑኪ ማለት ታኑኪ ነው። ወረቀታችሁን ይዞ «ታኑኪ ኡዶን» ያለኝን እንግዳ ሁሉ በቁጣ ሳይሆን በደግነት፣ መንገዱን እያሳየሁ፣ ወደ እናንተ ሁለተኛ ፎቅ እልከዋለሁ። ሳይበላ እንዳይመለስ ያላችሁት እናንተ ናችሁና ቀቅሉለት። ቅዳሜና እሑድ ዝግ መሆናችሁን አውቃለሁ፤ ደጃፋችሁ ሰፊ ነው፣ ይጠብቃሉ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሠራተኞችዎ ብሩህ ዓይን፣ ለማተሚያ መኪናችሁ ጥቂት ዕረፍት እየተመኘሁ፣ በወረቀታችሁ ላይ ከግንቡ በታች ከጀልባው በላይ ቦታ የሰጣችሁኝ፣ ግብሩን በወቅቱ የሚከፍለው፣ ቁጡውና በእናንተው ምስክርነት ደጉ

ቶኩጂ ኡሜሞቶ

ማኅተሜን አሳርፌአለሁ። ማኅተም ለማተም ማንበብ እንደማያስፈልግ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሳልረሳው። ትናንት ቀትር ላይ አቶ ኩራሞቺ መታወቂያውን ኪሱ ከቶ ብቻውን መጣና «ታኑኪ» ብሎ አዘዘ። የእኛኑ ሰጠሁት፤ ሶባው ቡናማ፣ ቶፉው ጣፋጭ፣ ፍርፋሪ የሚባል ያልነካው። እስከ ሳህኑ ወለል ድረስ ጠጥቶ አፉን ጠረገና «አቶ ኡሜሞቶ፣ እንዳስተካከሉት በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ልክ ወረቀታችን ላይ እንዳለው ነው» አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩት።

በይ ሂሳኖ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ያለሰለስሻት ቃል ካለች አውቃታለሁ። መስኮቱን ክፈቺው፤ ከዚህ ከፀጉር ቤትሽ በላይ ያለው ክፍል የኦጋታ ነው፣ የእሱም መስኮት ክፍት ነው። ታኑኪ የምትለዋ ላይ በደረስሽ ቁጥር ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ደጋግሞ ይስማት።