የሬይኖ የዓሣ ፈቃድ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 7

ጠዋት እስከ ባሕሩ ዳር በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። አንድም ጊዜ ሳልቀመጥ። ባሌ ሬይኖ አላመነኝም፤ መንገድ ዳር ወንበሩ ላይ አርፈሻል አለኝ። አላረፍኩም። ሚኔሶታ ሳለን በዚህ ወር ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት ለመድረስ ግድግዳ እይዝ ነበር... እዚህ ፍሎሪዳ ሳንባዬ የሌላ ሰው ሆኗል።

ለምሳ ሾርባ ሠራሁ። ሬይኖ ብርቱካኑ ሥር ተቀምጦ የሰሜኑን አየር በስልኩ ያያል። «ከዜሮ በታች ሠላሳ» ብሎ ፈገግ አለ። እዚህ ያለ ጡረተኛ ሁሉ እንዲህ ሲያይ እንኳን ተገላገልኩ ብሎ ነው የሚስቀው። የሱ ግን እንደዚያ አይመስልም። የልጅነቱ ሐይቅ በረዶ ስንት ስንዝር እንደወፈረ እያሰላ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 9

ዱብ ዕዳ። ከሚኔሶታ ግብር ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ከዚያ ደግሞ ቆሜ አነበብኩት። ያለፉት ሦስት ዓመታት የጡረታችሁ ግብር አልተከፈለም ይላል... ከነቅጣቱ ሰባት ሺህ ዶላር ገደማ። ለምን? የሚኔሶታ ነዋሪዎች ናችሁ ብለው! እኛ? ቤታችንን ሸጠን፣ የመኪናውን ታርጋ ቀይረን፣ እዚህ ድምፅ ሰጥተን?

ፍሎሪዳ ጡረታ ላይ ግብር አትጥልም። ለቆ የወጣን ሰው ጡረታ ደግሞ የድሮው ግዛት እንዳይነካው የአገሪቱ ሕግ ይከለክላል። ይህን በመንደራችን የማያውቅ ሽማግሌ የለም፤ ከአባታችን ሆይ ቀጥለው የሚያውቁት እሱን ነው።

ሬይኖ ደብዳቤውን አልነካውም። «ተሳስተው ነው፣ ጣይው» አለና ጋራዥ ገባ። ዓይኔን ሳያይ። ሠላሳ አንድ ዓመት የብረት ማዕድን ሲቆፍር የኖረ ሰው ወረቀት ይፈራል?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 10

ደወልኩ። ወይዘሪት ኦልስታድ የምትባል ልጅ አነሳች። ትሑት ናት፣ ለጠብ እንኳ አትመችም። ስለ ቤቱ ነገርኳት፣ ስለ ታርጋው ነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ «ባለቤትዎ በየዓመቱ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያወጣሉ፤ በነዋሪ ዋጋ» አለችኝ።

ክው አልኩ። ነዋሪ ነኝ ብሎ ፈርሟል። ሦስቱንም ዓመት! በየጃንዋሪው ከወንድሙ ጋር በረዶ ቀዶ ዓሣ ሊያጠምድ ለአንድ ሳምንት ይሄዳል፤ ካልሲውን የማጥፍለት እኔ ነኝ። የነዋሪና የእንግዳ ዋጋ ልዩነቱ እኮ የአንድ ቀን ምሳ ነው። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ።

ጋራዥ ገብቼ ተናገርኩት። ብዙ ተናገርኩት... ስስታም አልኩት፣ አባቱንም ጨመርኩ። እሱ የማጥመጃ ክሩን ይጠመጥማል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 12

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሳንነጋገር። ጎረቤታችን ማርቪን፣ ያ አፉ የማይዘጋው የኦሃዮ ሰው፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ሲዘምሩ ያስታውቃሉ ብሎ አላገጠብን። ሬይኖ አልሳቀም።

ከምሳ በኋላ ሰሐን እያጠበ ድንገት ተናገረ። ለገንዘቡ ብሎ አይደለም። ፈቃዱን የሚጽፈው ዋሊ ነው፤ የሚኔሶታዋ ትንሽ ከተማችን ጸሐፊ፣ ከሬይኖ ጋር አንድ ክፍል የተማረው። የመጣውን ሁሉ ነዋሪ ወይስ እንግዳ ብሎ ይጠይቃል፣ ሥራው ነዋ።

«አባቴ የእንፋሎት ሳውና በሠራበት ሐይቅ ላይ» አለኝ ሬይኖ፣ «ለዋሊ፣ እንግዳ ነኝ ልበለው?»

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ግን ሰባት ሺህ...

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 21

የሒሳብ ባለሙያ ጋ ሄድን። መንገድ አለ አለን። እፎይ ብዬ ነበር። ሬይኖ የፈቃዱን የዋጋ ልዩነትና ቅጣት ይከፍላል፤ ከዚያ ሁለታችንም ፍሎሪዳ ለዘለቄታው ልንኖር አስበናል ብለን በመሐላ እንፈርማለን። በቃ። እኔ ወዲያው ፈረምኩና ብዕሩን ሰጠሁት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ብዕሩን ከድኖ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይህን መማል አልችልም።»

መኪና ውስጥ ለምን ብዬ ጠየቅኩት። ሬዲዮውን ከፈተ። አርባ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ሲዋሽ አላየሁም። ታዲያ ነዋሪ ነኝ ብሎ ሲፈርም... ለሱ ያ ውሸት አልነበረም ማለት ነው። ውሸት የሚሆንበት ይሄኛው ነው።

ሊተወኝ ነው? ሌላ ሴት? በሰባ አራት ዓመቱ፣ በዚያ ጉልበቱ? ስጽፈው ራሴን አሳቀኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

ሐሙስ፣ ማርች 2

ወይዘሪት ኦልስታድ ሁለታችንንም ላነጋግር አለች። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ድምፁን ከፈትነው። እኔን ጠየቀችኝ፣ መለስኩ። ወደሱ ዞረች።

«አቶ ሃካላ፣ ሚኔሶታ ተመልሰው ለመኖር ያስባሉ?»

«አዎ።»

አዎ! እንዲያው እንደ ቀላል ነገር። መቼ ብላ ጠየቀችው። ያኔ አየኝ፤ ከስንት ቀን በኋላ ዓይኔን አየኝ።

«ባለቤቴ በሕይወት እስካለች ድረስ እዚህ ነኝ። ከዚያ ወደ ሐይቁ እመለሳለሁ።»

በወዲያኛው ጫፍ የምትጽፍበት መሣሪያ ድምፅ ቆመ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ልጅቷ። ለየትኛችን እንደሆነ አላወቅኩም።

ተነስቼ ንጹሑን ስኒ ደግሜ አጠብኩ። ከሚኔሶታ ስንወጣ ዶክተሩ ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ትኖሪያለሽ ብሎኝ ነበር። አራተኛችንን ይዘናል። እኔ ረስቼው ነበር... እውነቴን ነው፣ ፈጽሞ ረስቼው ነበር። እሱ አልረሳም። ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ስመለስ በር ላይ ቆሞ የሚያየኝ ለዚህ ነበር?

ዓርብ፣ ማርች 3

ባሕሩ ዳር አልሄድኩም።

እሑድ፣ ማርች 5

ሆድ ይፍጀው ብዬ ሦስት ቀን ቻልኩ። ዛሬ አልቻልኩም።

«ሞቴን ነው የምትጠብቀው?» አልኩት።

ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። «እየጠበቅኩ አይደለም አርዲ። እየፈራሁ ነው።» ማንኪያውን አንስቶ ደግሞ፣ «አንቺ ከሌለሽ እዚህ ምን አለኝ? ሙቀቱን አልወደውም። አሸዋውን አልወደውም። ብርቱካን እንኳ አልወድም።»

ብርቱካን አይወድም! ሦስት ዓመት በየጠዋቱ የጨመቅኩለትን ጠጥቷል እኮ፣ አንድ ቀን ሳያስተርፍ። ላለቅስ አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«አንተ ቀድመህ ብትሞትስ?»

«እኔ?»

አስቦት አያውቅም። ባለፈው ዓመት ልቡን ታክሞ የወጣ ሰው፣ አንድም ቀን አስቦት አያውቅም! እንደዚያ ሲደነግጥ በዕድሜዬ አላየሁትም። ሳቄ መጣ፤ እስኪያስለኝ ሳቅኩ። ጀርባዬን እየደበደበ «እኔ?» ይላል ደጋግሞ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 18

ከግብር ቢሮ መልስ መጣ። ግብር የለብንም! አቶ ሃካላ እመለሳለሁ ያሉት ቀኑን ማንም ሊያውቀው በማይችል ነገር ላይ ነው፤ ስለዚህ ቤታቸው ፍሎሪዳ ነው ይላል። ሬይኖ የፈቃዱን ልዩነትና ቅጣት ብቻ ይከፍላል።

ማንም ሊያውቀው በማይችል... ዶክተሩ ሊለኝ ያልቻለውን ግብር ቢሮ አለኝ። ደብዳቤውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ማርቪን አነበበና «እንግዲህ ለግብሩ ስትይ እንኳ ሰንብቺ» አለኝ።

ሬይኖ ጠዋት ቡና ብቻ ጠጣ። ብርቱካኑን እኔ ጠጣሁት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 8፣ ሚኔሶታ

ሐይቁ ጋ ነን፣ የወንድሙ ቤት። አየሩ ሞቃት ነው፣ ትንፋሼም ደህና ነው። ትናንት ሁለታችንም ዋሊ ጋ ሄድን። ፈቃዱን እየጻፈ ራሱን ሳያቀና ጠየቀ፣ ነዋሪ ወይስ እንግዳ። ሬይኖ ቆቡን አወለቀ።

«እንግዳ» አለ። ዋሊ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ጻፈ። ጨርሳችኋል ወይ ሲል አልጨረስንም አልኩት። ከሬይኖ አባት መቃብር አጠገብ ባዶ ቦታ አለ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል። የመቃብሩንም መዝገብ የሚጽፈው ዋሊው ነው።

ሬይኖ ክርኔን ያዘኝ። ወይዘሪት ኦልስታድ እዚህ መሬት መግዛታችንን ብታይስ አለኝ በሹክሹክታ። ትየው አልኩት።

ዋሊ ሌላ ወረቀት አወጣ። ለመቃብርም ሁለት ዋጋ አለው ለካ። ተሳቀቀ ምስኪን፣ ግን መጠየቅ አለበት። ነዋሪ ወይስ...? ሬይኖ መሬት መሬት ያያል። እኔ መለስኩ።

«ለጊዜው እንግዳ ብለህ ጻፈን ዋሊ። ስንመጣ ነዋሪ እንሆናለን።»