ያልቀለጠው ናሙና

ሰኞ

የባሌን ናሙና የያዘችውን ጠርሙስ ጡት መያዣዬ ውስጥ ወሽቄ ነው ያመጣኋት። ከቤት እስከምሠራበት ላቦራቶሪ በጥድፊያ አሥር ደቂቃ። ቀበሌው በር ላይ ያለው ጥበቃ «ጓድ፣ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው ሩጫው?» አለኝ። ሥራ አልኩት። አልዋሸሁም።

ባሌ ግርማ ሰባት ዓመት ሙሉ «እኔ ምን ሆኜ!» ሲል ኖሮ ዛሬ ለምርመራ እሺ ያለው፣ እናቱ ቅዳሜ በባቡር ስለሚመጡ ነው። ለጥየቃ አይደለም የሚመጡት። እኔ ልጅ ስላልወለድኩ አገራቸው ሌላ አጭተውለታል። ይዘውት ሊሄዱ ነው።

የወንድ ዘር እንደወጣ እንደ እርጎ ይረጋል። ግማሽ ሰዓት ሲቆይ በራሱ ቀልጦ ውሃ ይሆናል፤ ያኔ በማይክሮስኮፕ እናየዋለን።

ግማሽ ሰዓት፦ አልቀለጠም።
አንድ ሰዓት፦ አልቀለጠም።
አንድ ሰዓት ተኩል፦ በመስታወት ዘንግ ሳነሳው እንደ ማር ተመዘዘ።

ድሬ ከቀትር በኋላ የሞተች ከተማ ናት። ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ፣ ሰው ሁሉ ወይ ጫቱ ላይ ወይ እንቅልፉ ላይ። ብቻዬን አየሁት። ዘሮቹን ሞተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። አልሞቱም። እልፍ ናቸው። ጭራቸው ይርገፈገፋል፣ አንዱም ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ዓይን እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ የሚያዩኝ ግን መሰለኝ። በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ጠርሙሷን ልደፋት ገለበጥኳት። አልፈሰሰም። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያው ነበር።

ዶክተሩን ጠየቅሁት። ኩባዊ ነው፤ አማርኛውን የተማረው ቀፊራ ገበያ ነው። «የአንድ በሽተኛ ነው» አልኩት። መዝገብ ላይም ስም አልጻፍኩም፣ ቁጥር ብቻ።

ጣቶቹን አቆላልፎ አሳየኝ። «ይሄ ፕሮቲን። መረብ። ፕሮስቴት ዕጢ መቀስ ይልካል። ቁርጥ ቁርጥ፣ ልጅ ይሄዳል። መቀስ የለም፣ ልጅ እስር ቤት።»

እስር ቤት ሲል ሁለታችንም ወደ በሩ አየን።

መቀሱ ኢንዛይም ነው። ሆዳችን ውስጥ ሥጋ የሚቆርጠውን ዓይነት ተምሬ ነበር፣ ለመውለድም እንደሚያስፈልግ ማንም አልነገረኝ። ዕጢው ቆስሎ ከሆነ በመድኃኒት ይሻለው ይሆናል፣ ሰውዬው ይምጣ አለ። «ይሆናል» ያለው ሁለት ጊዜ ነው፤ ቆጥሬያለሁ።

ሐሙስ

ጥፋት አጥፍቻለሁ።

የላቦራቶሪያችን ጽዳት ሠራተኛ ፋጡማ ለግመል ሥጋዋ ጥሬ ፓፓያ ገዝታ መጣች። «ወላሂ፣ በዚህ ካሸሁት ጥርስ የሌለው ይበላዋል አቦ!» አለች። እሱም ፕሮቲን ቆራጭ አይደል? ሁሉም ለውይይት ክበብ ሲወጣ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ከግርማ ሁለተኛ ናሙና ተቀብዬ ነበር፤ እሱም አልቀለጠም። የፓፓያውን ልጣጭ ጫርኩ፣ ነጩን ወተት አቀጠንኩ፣ ስላይዱ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ጣል አደረግሁ።

መጀመሪያ ምንም። ከዚያ መረቡ ላላ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሄዱ። «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ፤ ባዶው ክፍል መልሶ ጮኸብኝ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ መሄዱን ተዉት። መርገፍገፉንም ተዉት። የፓፓያው መቀስ ማቆም አያውቅም። ሰባት ዓመት ስጠብቃቸው ኖሬ በገዛ እጄ ጨረስኳቸው። እጄን ሦስቴ ታጠብኩ። ፋጡማ ምሳዋን ብታካፍለኝ አልበላ አለኝ።

ዓርብ

ውጤቱን ለግርማ ነገርኩት። መጀመሪያ ያለኝ «ይሄን ሌላ ማን ያውቃል?» ነው። ደሜ ፈላ። እኔ ሰባት ዓመት መካን ስባል ማን ያውቃል ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

ቢሆንም ዶክተሩ ዘንድ ሄደ። የሃያ አንድ ቀን እንክብል ተሰጠው። «ነገ ለእናትህ አንተ ትነግራቸዋለህ» አልኩት። ጫማውን ሲያወልቅ ቆየ። አንዱን ጫማ ማውለቅ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

ቅዳሜ

እናቱ ገና ሳይቀመጡ ነገራቸው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። እሷ ምንም የለባትም።» መሬት መሬት እያየ ነው፣ ግን አለው። እንደዚያ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አለቀስኩ።

እሳቸው ዞረው እኔን አዩኝ። «ምን አስነክተሽው ነው?»

«እማማ፣ ምንም።»

«በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

ግርማ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ጠርሙሷን ሰጠኝ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እኔና እሳቸው ብቻችንን ላቦራቶሪው ገባን። ነጠላቸውን ሰብስበው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የልጅዎ ናቸው።»

«ይሄ ሁሉ?»

«አዎ።»

«ይንቀጠቀጣሉ እኮ። በርዷቸው ነው?»

ድሬ ላይ፣ በዚያ ሰዓት ብርድ! «አይደለም እማማ። ተይዘው ነው» አልኳቸው።

ቀና አሉ። አማተቡ። እንደገና አጎነበሱ። ይዘውብኝ የመጡትን ቁጣ የት እንደጣሉት አላውቅም፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነበር፣ የሚቆጥሯቸው መሰለኝ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

«ልቀቂያቸው ልጄ። በሞቴ፣ ልቀቂያቸው።»

ልጄ ሲሉኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንክብሉ ይሥራ አይሥራ አላውቅም፣ ዶክተሩም አያውቅም። እሺ አልኳቸው።