ለባቡር ሥራ በአውሮፕላን

ውድ አባዬ፣

ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤ ለወዳጅህ ለትኬት ቆራጩ ሰጥቼዋለሁ። መቼም እሱን በር ላይ አታስቆመውም።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ባለፈው እሑድ ሻንጣዬን ስዘጋ፣ «ሠላሳ ዓመት የባቡር ጎማ በመዶሻ እያንኳኳሁ፣ ስንጥቁን በጆሮዬ እየለየሁ ያሳደግኩሽ፣ ለባቡር መሥሪያ ቤት ፈተና በአውሮፕላን ልትሄጂ ነው?» ስትለኝ፣ «ያንተ ባቡር የጡረተኛ መንገድ ነው» ብዬህ ወጣሁ። ቃሉ ገና ከአፌ ሲወጣ ቆጭቶኝ ነበር፤ ታክሲው ግን ጥሩምባውን ይነፋል።

አውሮፕላኑን አላማውም። በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ደረስኩ! ደመናውን ከላይ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እርግጥ ፍተሻው ላይ ጫማዬን አስወልቀው የጥፍር መቁረጫዬን ወስደውብኛል፤ አጠገቤ የተቀመጠውም ሰው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ተኛ እንጂ እንደምን አደርሽ እንኳን አላለኝም። ቢሆንም ኩራቴን አትጠይቀኝ።

ኩራቴ የፈተናው ክፍል ውስጥ አለቀ። ልቀጠርበት የምፈተንለት የባቡር ሰዓት ሰሌዳ ክፍል ኃላፊዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በየትኛው ባቡር መጣሽ?» አሉኝ።

«እ... በአውሮፕላን።»

ሦስቱም ፈታኞች ተያዩ። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ልጄ፣ ሳትቀምሺ ጨው ልትጨምሪ ነው?» አሉ ኃላፊዋ። «ሐሙስ በባቡር ተመልሰሽ ነይ። ሰሌዳችን የማያውቀውን አንድ ነገር ይዘሽ ካልመጣሽ ቦታውን ለሌላ እንሰጠዋለን።»

በአውሮፕላኑ መመለሻ ትኬቴ ተመለስኩ፤ ቤት መምጣት ግን አፍሬ ጓደኛዬ ዘንድ ሰነበትኩ። ረቡዕ ማለዳ ባቡር ተሳፈርኩ። ከቤታችን ጀርባ ስናልፍ በረንዳ ላይ ቆመህ አየሁህ፤ አንገትህን ዘንበል አድርገህ ጎማውን ታዳምጣለህ። «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማኸኝም።

አሥራ አራት ሰዓት፣ አባዬ! ወገቤ ተቆረጠ፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር የታሰረው በገመድ ነው፤ ከኋላዬ ያለው ሕፃን ጀርባዬን ከበሮ አደረገው። ግን መስኮቱ ይከፈታል! ሲሰለችህ ተነስተህ ከፉርጎ ፉርጎ ትንሸራሸራለህ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልብስ ሰፊ ዳቦዋን ገምሳ ሰጠችኝና እስከ ቀትር የሦስት ባሎቿን ታሪክ ጨረስን። ወዳጅህ ትኬቴን ሊበሳ ሲመጣ ፊቴን አየና፣ «እንዴ! የመዶሻው ልጅ አይደለሽም? ያ አፍንጫ የት ይሸሸጋል!» ብሎ ፉርጎውን በሳቅ ሞላው።

ከሰዓት በኋላ ጥላ እንኳን የሌላት አንዲት ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆምን። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ሕፃኑ በሙቀት ያለቅሳል።

«ማንን ነው የምንጠብቀው?» አልኩት ወዳጅህን።

«አባትሽን!» ብሎ ሳቀ። «ከባቡሩ ወርዶ ጎማ የሚመረምረው እዚህ ነበር፤ አርባ ደቂቃ። ጡረታ ሲወጣ ምርመራው ወደ ትልቁ ጣቢያ ዞረ። ሰሌዳውን ግን ማንም አልነካው። ይኸው ስድስት ዓመት ዝም ብለን እንቆማለን።»

«አገኘሁት!» ብዬ ብድግ ስል ዳቦው ከጭኔ ወደቀ። ዳቦውን ሳነሳ ግን ነገሩ ገባኝ። በዚያ መስመር ላይ ያንተ የሆነ ነገር የቀረው ይኸው አርባ ደቂቃ ብቻ ነው፤ የማሰርዘው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ተናገርኩ። ኃላፊዋ ሰሌዳውን ዘርግተው ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለማንም እንዳትነግሪ፤ እኔም የምመላለሰው በአውሮፕላን ነው። ሰኞ ሥራ ጀምሪ» አሉኝ። ተቀጠርኩ፣ አባዬ! ተቀጠርኩ!

አርባው ደቂቃ የሌለበት አዲሱ ሰሌዳ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራል። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ተሳፈርና ና። እኔ ከዚህ ተነስቼ እዚያች ጣቢያ እጠብቅሃለሁ። ጤነኛ ጎማ ምን እንደሚል፣ የተሰነጠቀው ምን እንደሚል እያስደመጥከኝ አርባውን ደቂቃ አብረን እንጨርሰው። ሰኞ ቢሮ ገብቼ በገዛ እጄ እሰርዘዋለሁ።

ያስቀየመችህና የናፈቅካት
ልጅህ